ለዕለት ሥራ የሚሆን የኪስ ሰንጢ

ቢላዋ የሌለበት ቤት የለም። ሆኖም ከማድ ቤት ቢላዋ መዝዞ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው አይገኝም። ከቤት ውጭ ሲውሉ ብርቱካን ለመላጥ፣ በሲባጎ የታሰረ ዕቃ ለመፍታት፣ የታሸገ ፖስታ ለመክፈት ወይም እርሳስ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ታጥፎ በኪስ የሚያዘው ሰንጢ ነው። ሰንጢ ትንሽ ዕቃ በመሆኑ ብዙ ሰው ሳያስብበት ይገዛዋል፤ ከገዛውም በኋላ ወይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰበርበታል፣ ወይ ጣቱን ይቈርጠዋል፣ ወይም ባልጠበቀው ቦታ ሰው በክፉ ዓይን እንዲያየው ያደርገዋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምንኖርባትን የካምፓላን ከተማ ምሳሌ አድርገን ስለ ሰንጢ አመራረጥ እንጽፋለን።

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን አስቀድመው ስሞቹን ቢለዩ ይጠቅማቸዋል። ቢላዋ የማድ ቤት ነው። ካራ ሲባል ብዙውን ጊዜ ሥጋ የሚቈረጥበት ጠንካራው ቢላዋ ነው፤ በትግርኛ አፋችንን የፈታን እኛ ግን ትንሹንም ትልቁንም ካራ እንለዋለን። ጩቤ ለመውጋት የተሠራ የጠብ መሣሪያ ነው። ምላጭ ጢም የሚላጭበት ነው። ሰንጢ ግን ስለቱ ወደ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈው ነው። ስለት የምንለው የሚቈርጠውን ወገን ነው፤ ለቅዱሳን የሚገባው ስእለት በአነጋገር ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም በጽሕፈት በመካከሉ እ ይገባበታል። እንዲሁም ካራ ሲሳል በሰ፣ ሥዕል ሲሣል በሠ ይጻፋል። ስለቱ የጠፋ ካራ ዶለዶመ ወይም ደነዘ ይባላል፤ እነዚህኑ ቃላት ነገር ቶሎ ለማይገባው ሰውም እንናገራቸዋለን፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ባይገቡ ይሻላል።

ሰንጢ የሚለው ቃል በከተማ መልካም ስም የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ «እገሌ ሰንጢ ይዟል» ቢባል፣ እርሳስ ሊቀርጽ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ይህ ስም ያለ አግባብ የተሰጠው ይመስለናል። ትንሹ ስለት ከጠበኛው እጅ ከመግባቱ በፊት የጸሐፊ መሣሪያ ነበር። በአገራችን የብራና ጸሐፊ መቃውን ቈርጦ ብዕር የሚያበጀው፣ በብራናውም ላይ የተሳሳተውን ፊደል ፍቆ የሚያነሣው በትንሽ ቢላዋ ነው። በአውሮጳም የወፍ ላባ ብዕር ሲጻፍበት በነበረ ዘመን የላባው ጫፍ በየጊዜው በትንሽ ቢላዋ ይቀረጽ ነበር፤ እንግሊዞች ዛሬም የኪስ ሰንጢን የብዕር ቢላዋ ብለው ይጠሩታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎችም እርሳሳችንን የቀረጽነው በሰንጢ ነው፤ መምህሩ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ እየጠበቁን ማለት ነው።

ካምፓላ ውስጥ ሰንጢ ለያዘ ሰው ሥራ አይታጣም። በናካሴሮ ገበያ አናናስ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ በየወቅቱ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ሸንኮራ አገዳም በየመንገዱ ዳር ይገኛል። የባጋንዳ ሴቶች ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ ሲልጡ ያየ ሰው፣ በሠለጠነ እጅ የተያዘ ትንሽ ቢላዋ ምን ያህል እንደሚያከናውን ይረዳል። ቢላዋውን በቋንቋቸው አካምቤ ይሉታል። ፌኔ የሚባለው ትልቁ ፍሬ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ፈተና ነው፤ ውስጡ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ወተት ስላለው እጅንም ስለትንም አስቀድሞ ዘይት ያልቀባ ሰው ሲጸጸት ይውላል። ይህን ፍሬ በሚታጠፍ ሰንጢ እንዲቈርጥ ማንንም አንመክርም፤ ሙጫው ወደ መታጠፊያው ከገባ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራልና።

ከሥራው ይልቅ የሚያሳስበው ጥርጣሬው ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በሐምሌ 11 ቀን 2010 ሕዝብ የዓለም ዋንጫን የመጨረሻ ጨዋታ ሲመለከት ሳለ፣ በካባላጋላ «የኢትዮጵያ መንደር» በተባለው ምግብ ቤትና በኪያዶንዶ የራግቢ ሜዳ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ካባላጋላ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ስለሆነ ያ ሌሊት ለእኛ የሌላ አገር ወሬ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በካምፓላ ወደ ትልልቅ መደብሮችና ሆቴሎች ሲገቡ በበር ላይ ቦርሳና ኪስ መፈተሽ የተለመደ ነገር ሆነ። ጥበቃው «ሰቦ» ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያም ኪስዎን ያዩለት ዘንድ ይጠይቃል። እንግዲህ ከኪስ የሚወጣው ሰንጢ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታሰበው በዚያች ቅጽበት ነው። ጥበቃው ሰውየውን አያውቀውም፤ ቋንቋውንም ላያውቅ ይችላል፤ የሚያየው የወጣውን ዕቃ ብቻ ነው። ባዕድ አገር ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሰንጢ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይቈርጣል?» የሚለው ሊሆን አይገባም። «በማላውቀው ሰው ፊት ከኪሴ ባወጣው ያስደነግጠዋልን?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ጫፉ እንደ ጩቤ የሾለ፣ ስለቱ በቍልፍ ተጭኖ በድንገት የሚፈናጠር፣ እጀታው ጥቁር ሆኖ የወታደር መሣሪያ የሚመስል ሰንጢ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅር። በአንጻሩ እጀታው እንጨት ወይም ቀይ የሆነ፣ በጥፍር ተይዞ በዝግታ የሚከፈት ትንሽ ሰንጢ ሥራውን በመልኩ ይናገራል። ርዝመቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለፍራፍሬ፣ ለገመድና ለወረቀት 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለማድ ቤት ይተው። በቢሮ ብቻ ለሚውል ሰው ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር እንኳ አያንስም።

አሁን በዓለም ላይ ስማቸው ከታወቀው ሰንጢዎች ሦስቱን እናንሣ። የዓመቶቹ ቍጥር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። ዮሴፍ ኦፒኔል በ1890 በሳቮይ ተራራማ አገር ለገበሬዎች ብሎ የጀመረው ሰንጢ ሲሆን፣ ከ1897 ጀምሮ በየመጠኑ ቍጥር ተሰጥቶታል። ሥራው እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ የብረት ቀለበት። ቀለበቱ በ1955 የተጨመረ ነው፤ ሰንጢው ሲከፈት ቀለበቱን ዞር ካደረጉት ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ አይታጠፍም። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ተዘግቶ እንዲቈለፍ ሆኗል፤ ይህም በኪስ ውስጥ ራሱ እንዳይከፈት ይጠብቀዋል። ቍጥር 6 የሚባለው ስለቱ 7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለጠቀስነው መጠን ልክ ነው። አንድ ጠባዩን ግን የካምፓላ ሰው ማወቅ አለበት። እጀታው እንጨት በመሆኑ በዝናብ ወራት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ስለቱም እንደ ተጣበቀ ይቀራል። ያን ጊዜ ቀለበቱን ከፍቶ የእጀታውን ጭራ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ መታ ማድረግ ነው፤ ስለቱ ጥፍር የሚይዘው ያህል ብቅ ይላል። የሳቮይ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የስዊስ ሰንጢ ነው። ካርል ኤልሰነር በ1884 በስዊስ አገር ኢባክ በተባለ ቦታ የቢላዋ መሥሪያ ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውንና ብዙ መሣሪያ የያዘውን የመኰንን ሰንጢ አወጣ። እናቱ ቪክቶሪያ ትባል ስለነበር ስሟን ለድርጅቱ ሰጠው፤ በ1921 የማይዝግ ብረት በሥራ ላይ ሲውል «ኢኖክስ» የሚለው ቃል ተጨምሮ ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ከሁሉ ትንሹ ተዘግቶ 58 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦና የጥርስ መጎርጎሪያ ይዟል። ይህን ይዞ በጥበቃ ፊት የቆመ ሰው እንደ ጠበኛ ሲታይ አላየንም። እመቤቶችም ከቦርሳቸው ቢያኖሩት መቀሱ ብቻ ዋጋውን ያወጣዋል።

ሦስተኛው ኦካፒ ነው። በ1902 በጀርመን አገር ተሠርቶ ወደ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ይላክ የነበረ ሲሆን ከ1988 ወዲህ በደቡብ አፍሪካ ይሠራል። ርካሽና ብርቱ ነው፤ ገበሬና ሠራተኛ ይወደዋል። ነገር ግን ስለቱ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ ከመሆኑም በላይ ሲከፈት የሚያሰማው የቀጭ ቀጭ ድምፅ ሰውን ዞር ያሰኛል፤ በደቡብ አፍሪካም ስሙ ከወሮበሎች ጋር ተነሥቷል። ለእርሻ እንጂ ለቢሮ ኪስ አንመርጠውም።

ብዙ መሣሪያ ያለውን ሰንጢ የሚመኙ ሰዎች አሉ። መጋዝ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ የቡሽ መንቀያ፣ ካቻቢቴ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሁሉ በአንድ እጀታ ውስጥ እንዲገኝላቸው ይሻሉ። የባጋንዳ ሽማግሌዎች ስለ ቀጥቃጩ ዋሉካጋ የሚያወሩት ተረት እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። ካባካው ዋሉካጋን ጠርቶ ከብረት ሕያው ሰው እንዲሠራ፣ የሚሄድ፣ የሚናገርና የሚያስብ እንዲሆን አዘዘው። ቀጥቃጩም በጭንቀት ሲዞር አእምሮው የታወከ ወዳጁን አገኘና ምክር ተቀበለ፤ ተመልሶም ለዚህ ሥራ የሚበቃው ከሰው ጠጕር የከሰለ ከሰልና በሰው እንባ የተሞላ እንስራ ብቻ እንደሆነ ለንጉሡ ነገረ። ሕዝቡ ሁሉ ራሱን ቢላጭና ቢያለቅስ የሚበቃውን ያህል አልተገኘም፤ ካባካውም የማይቻል ነገር እንደጠየቀ ተረዳና ትእዛዙን ተወ። ባለ ሠላሳ መሣሪያው ሰንጢም ከኪስ ክብደቱ የተነሣ በሳምንቱ ከጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ብርቱካን ሲመጣ ባለቤቱ ከጐረቤቱ ይዋሳል።

የብረቱን ነገር በጥቂቱ እንናገር። የሰንጢ ስለት ከሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። አንደኛው ካርቦን ያለበት ዐረብ ብረት ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይዝጋል። ሁለተኛው ከ10 ከመቶ በላይ ክሮሚየም የተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ በብረቱ ላይ በዐይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ውኃና አየር አይበሉትም። ካምፓላ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት፤ የአናናስና የሎሚ አሲድም በዚያ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ሰንጢውን ከበላበት በኋላ ወዲያው የማይጠርገው ሰው የማይዝገውን ይግዛ። ጠራጊው ግን የካርቦኑን ቢገዛ በስለቱ ይደሰታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስለቱ ግራጫ ቢሆን አይደንግጥ፤ ያ የፍራፍሬው አሲድ የሚያወጣው ቀለም ነው፤ ብረቱን አይጎዳውም። መጠንቀቅ የሚገባው ቀዩን ዝገት ነው። በጨርቅ አድርቆ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ቢቀባው ይበቃዋል።

በኦዊኖ ገበያ ወይም በኪኩቦ ጠባብ መንገዶች ሰንጢ ሲገዙ የታወቀ ስም የተለጠፈበት ነገር ግን ከዚያ አገር ያልመጣ ብዙ ዕቃ ይገጥማል። የስም ማታለልን በዐይን ማወቅ ያስቸግራል፤ ብረቱን ግን እጅ ያውቀዋል። ሰንጢውን ከፍቶ ስለቱን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ይመለስ። ሞላው ስለቱን ሲከፍትም ሲዘጋም አጥብቆ መሳብ አለበት፤ ልል ሞላ ያለው ሰንጢ ሸንኮራ ሲቈረጥበት ተመልሶ ይታጠፋል፤ ዋጋውንም ጣት ይከፍላል። ቀጥሎ ሰንጢውን ዘግቶ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ስለቱ በእጀታው መካከል ቀጥ ብሎ ካልገባና አንዱን ወገን ከነካ፣ በተዘጋ ቍጥር ራሱን ያደነዝዛል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ሲያዩ ፊቱን ቢያጠቍር አያስቡ፤ ደህና ዕቃ የያዘ ነጋዴ ራሱ ከፍቶ ያሳያል።

የተገዛ ሰንጢ ሁሉ ይዶለዱማል። የዶለዶመ ሰንጢ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሰው በኃይል ስለሚጫነው ይንሸራተታል። ካትዌ የተባለው የካምፓላ ሰፈር ብረት ሠራተኞች የሞሉበት ነው፤ ከአሮጌ ብረት ምድጃ፣ በርና አልጋ ሲሠሩ ቀኑን ሙሉ ይሰማሉ። ሰው ሥራቸውን ሊያይና ሊገዛ ይመጣል እንጂ ማንም በሙያቸው አይንቃቸውም። በአገራችን ግን ቀጥቃጩ ማረሻችንንና ቢላዋችንን እየሠራ ቡዳ ሲባል ኖሯል፤ አፄ ምኒልክም ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ይህን ማሰብ ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ጥሩ ነው፤ እጃችን ላይ ያለው ብረት በማን ላብ እንደተሠራ አንጠይቅምና። ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ትንሹን ሰንጢ በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ ማሳል አንወድም። ድንጋዩ በፍጥነት ሲፈትገው ብረቱ ይግላል፤ ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ጥንካሬው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢሳል ስለቱ አይቆይም።

በቤት መሳል ግን ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ በውኃ ያርሱ። ሰንጢውን በድንጋዩ ላይ በጀርባው ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት 90 ማዕዘን ነው፤ ግማሹ 45፣ የዚያም ግማሽ 22 ተኩል ይሆናል፤ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲያደርጉ የሚፈለገውን 20 ያህል ያገኛሉ። ማዕዘኑን ሳይለውጡ ድንጋዩን ስስ አድርጎ እንደ መላጥ ወደ ፊት መግፋት፤ በአንዱ ወገን የተደረገውን ያህል በሌላው መድገም ነው። ማሳየቱ በአውራ ጣት አይሁን፤ አንድ ወረቀት በአየር ላይ ይዘው ቢቈርጡት ይነግርዎታል።

ልጆች ሲያዩ ይፈልጋሉ። መከልከል ብቻውን ምስጢር አድርጎ ስለሚያስቀረው እኛ ማስተማሩን እንመርጣለን። ኦፒኔል ለልጆች ጫፉ ክብ የሆነ፣ ቀለበት ያለው ሰንጢ ይሠራል፤ ይህ ባይገኝ የአዋቂውን ሰንጢ አባት ወይም እናት አጠገባቸው ተቀምጠው ሊያስይዟቸው ይችላሉ። መጀመሪያ ሙዝ፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ በመጨረሻ እርሳስ ይቍረጡ። ሁልጊዜ ከራስ ወደ ውጭ እንዲቈርጡ፣ ሰንጢ ይዘው እንዳይሮጡ፣ ለሌላ ሲሰጡ ዘግተው ወይም እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙረው እንዲሰጡ ይነገራቸው። ትምህርት ቤት ይዘውት አይሂዱ። ይህን አንድ ጊዜ የነገርነውን ልጅ በማግስቱ ደብተር መያዣውን መፈተሽ አያሳፍርም።

አዋቂውም የራሱ ደንብ አለው። ሰው በተጨናነቀበት ታክሲ ውስጥ ወይም በቦዳ ቦዳ ላይ ሰንጢ አይከፈትም። በቢሮ «ፖስታዬን ልክፈት» ብሎ ተናግሮ መክፈት ጨዋነት ነው። ሰው ሲቈጣ፣ ክርክርም ሲነሣ፣ ሰንጢው ምንም ይሁን ምን ከኪስ አይወጣም፤ ብርቱካኑ ሌላ ጊዜ ይላጣል። በበር ላይ ጥበቃ ሲጠይቅ ሳይፈተሽ አስቀድሞ ዘግቶ በመዳፍ ላይ ማሳየት፣ ቢያስቀምጠው ተቀምጦ እንዲቆይ መፍቀድ፣ ሲወጡ ማመስገን ነው።

ከኤንቴቤ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ሰንጢውን ከቤት ሳይወጣ ከኪሱ አውጥቶ ለአውሮፕላኑ ሆድ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ያኑር። በእጅ ቦርሳ የተገኘ ሰንጢ ይወሰዳል፤ 58 ሚሊ ሜትር ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ከካምፓላ እስከ ኤንቴቤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሲደርሱ ትዝ ያለውን ሰንጢ ለማስመለስ ጊዜ አይገኝም።